ወንዶች የማያውቁት መሻገሪያ

አንዲት ሴት ነበረች። ልጇን ከትልቅ ወንዝ ማዶ ወስደው ሸጡባት። ብቻዋን እንዳትሄድ አገሩ ሰው ፈንጋይ የሞላበት ነው። ስለዚህ ጸጉሯን ተላጨች፣ ሱሪ ታጠቀች፣ «ደምስ እባላለሁ» ብላ የወንዙን ምንጭ ሊፈልግ ከመጣ ፈረንጅ ዘንድ በቅሎ ጫኝ ሆና ተቀጠረች።

ይህ ፈረንጅ የማይጠይቀው ነገር አልነበረም። የተራራውን ቁመት ይለካል፣ የቅጠሉን ጅማት ይቆጥራል። አራት ወር ከጎኑ የተጓዘውን ሰው ግን አንድ ቀን «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?» አላለም። ይገርማችኋል? እኔን ያናድደኛል!

ወንዙ ዳር ደረሱ። ፈረንጁ የመንደሩን ሽማግሌዎች «መሻገሪያው የት ነው?» አላቸው። በዚያ አገር ውሃ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ መቅጃው ድረስ ቢሄድ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ አያውቁም። አናውቅም ለማለት ደግሞ አፈሩ። ጸጥ ወዳለው ውሃ ጠቆሙ።

ጫኞቹ በቅሎዎቹን ነድተው ሊገቡ ሲሉ ሴትየዋ ጮኸች። «ቁሙ! እዚያ ገደል ነው፣ ይውጣችኋል። የሚያሻግረው በጥቁሩ ቋጥኝ በኩል ነው።»

የጫኞቹ አለቃ ዞር አለ። «አንተ ደግሞ ወንድ የማይረግጠውን ከየት አወቅኸው?»

«ልጅ ሆኜ እዚሁ መንደር እንስራ አዝዬ ተመላልሼበታለሁ።»

«እንስራ! ስሙት እንጂ! ቀጥሎ ደግሞ ወልጄ ነበር ይለናል!»

ሳቃችሁ? እነሱም እንደዚሁ ስቀዋል።

«አዎ፣ ወልጃለሁ» አለች። «ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። ልጄ ከማዶ ናት።»

ዝም ብትል ኖሮ ከኋላ ቀርታ ትተርፍ ነበር፤ ምስጢሯም አብሯት። ለምን ተናገረች?

እሷ ባለችው ተሻገሩ። አንድ ሰው፣ አንድ በቅሎ አልጠፋም። ማዶ ሲደርሱ ፈረንጁ «ሴት አስከትሎ ዞረ ብለው በአገሬ ይስቁብኛል» አለና ዳሩ ላይ ትቷት ሄደ። ልጇ ዘንድ ለመድረስ የሦስት ቀን መንገድ ቀርቷት ነበር። በመጽሐፉም «መሻገሪያውን አገኘሁ» ብሎ ጻፈ። አገኘሁ! ማን ነው ያገኘው?

ፈረንጁን ለመርገም አትቸኩሉ። እነዚያ ጫኞች የማን ልጆች ናቸው? የእኛው አይደሉም? ከመካከላቸው «አብሬያት ልሂድ» ያለ አለ?

እናንተስ? በሰበካው ስብሰባ ስትናገር «እህቴ፣ ተቀመጪ» ብላችኋት፣ ሐሳቧን ግን በሳምንቱ የራሳችሁ አድርጋችሁ ያቀረባችሁት ሴት የለችም? አለች! ስሟን ልጥራላችሁ?

በቃሏ ተሻግራችሁ ዳር ላይ የተዋችኋት ሴት መንገዷ አላለቀም። ምን ያህል እንደቀራት ጠይቋት። ከዚያ ተነሡና አብራችኋት ሂዱ።