ከኪስ የማይወጣው ማኅተም

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው የወረቀት ነው።

እልፍነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ፍላጎቷ ትንሽ ናት፦ አንዲት ፖስታ የመንግሥት ጨረታ ሣጥን ውስጥ መጣል። የተማሪዎችን ዩኒፎርም የምትሰፋበትን ዋጋ ጽፋ ፖስታው ውስጥ አሽጋለች። ሣጥኑ ዓርብ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ሥራው ከተገኘ ታናሽ እህቷ የሺወርቅ አብራት ትሰፋለች፤ ካልተገኘ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። ታላቃቸውም እንዲሁ ሄዳ ነበር፤ የተመለሰው ሬሳዋ ነው።

ሰኞ ፖስታዋን ይዛ ሄደች። የሣጥኑ ጠባቂ፣ «እትዬ፣ የአቅራቢነት ምስክር ወረቀት አለዎት?» አላት።

«ኧረ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ!»

«እንግዲያው ሣጥኑ አይቀበልዎትም።»

ምስክር ወረቀት ፍለጋ ሄደች። ያለ ንግድ ፈቃድ አይሰጥም አሏት። ሣጥን ፖስታ አልውጥም አለ፤ ምስክር ወረቀት ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ።

ማክሰኞ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች። ፈቃድ ሰጪው ቀና እንኳ ሳይል፣ «መጀመሪያ የግብር ከፋይ ቁጥር አምጪ» አላት። እንግዲህ ያዙልኝ! ሣጥን ፖስታ አልውጥም አለ፤ ምስክር ወረቀት ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃድ ያለ ቁጥር አልሰጥም አለ።

ረቡዕ ቁጥር ልታወጣ ሄደች። «የሱቅሽ የኪራይ ውል የታለ?» አሏት።

«አከራዬ ቃላቸው ውል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወረቀት አልተጻጻፍንም።»

«ቃል ፋይል ውስጥ አይገባም።»

አከራይዋ ደግ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ፈረሙላት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ውሉ የቀበሌ ማኅተም ይፈልጋል። ሐሙስ ቀበሌ ሄደች።

«ማኅተሙ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው» አለቻት ጸሐፊዋ።

«እሳቸውስ የት ናቸው?»

«ለቅሶ ላይ። አጎታቸውን ትናንት ቀበሩ፤ ቅዳሜ ይገባሉ።»

ቅዳሜ! ወይ አበሳ! ሣጥን ፖስታ አልውጥም አለ፤ ምስክር ወረቀት ያለ ፈቃድ አልወጣም አለ፤ ፈቃድ ያለ ቁጥር አልሰጥም አለ፤ ቁጥር ያለ ውል አልመጣም አለ፤ ውል ያለ ማኅተም አልጸናም አለ፤ ማኅተም ከኪስ አልወጣም አለ፤ ኪስ ከለቅሶ አልነሣም አለ። ቤቷ ስትገባ የሺወርቅ ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። እልፍነሽ ተስፋዋ ሙጥጥ አለ፤ እራትም አልበላች።

ዓርብ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ገባች። ለቅሶ ላይ ስለ ወረቀት ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ ውሉን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ዝም ብላ ተቀመጠች። ተቀምጣ ሳለ የሞተችው እህቷ ትዝ አለቻት፤ ሻንጣዋ የተዘጋጀውም ትዝ አለቻት። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዝም ብሎ የነበረው ድንኳን እንደ አዲስ በለቅሶ ተናወጠ።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ አጎቴን በምን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም ጋሼ። ይቅር በሉኝ፤ የማለቅሰው የራሴን ነው» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አምስት ቀን ሙሉ?» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ማኅተሙን አወጡ፤ እፍ አሉበት፤ ውሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መቱላት። «በይ ሩጪ!»

ሮጠች። ለቅሶ ኪስን ለቀቀ፤ ኪስ ማኅተም ሰጠ፤ ማኅተም ውልን አጸና፤ ውል ቁጥር አመጣ፤ ቁጥር ፈቃድ አስገኘ፤ ፈቃድ ምስክር ወረቀት አወጣ፤ ለአሥር ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሣጥን ፖስታዋን ዋጠ።

ቤት ስትደርስ የሺወርቅ በር ላይ ቆማ ነበር። «ገባ?»

«ገባ። ሰኞ ይከፈታል። ሌላም ብዙ ፖስታ አለበት።»

የሺወርቅ ፓስፖርቷን አልጋ ሥር አስቀመጠችው። «እስኪከፈት አልሄድም» አለች። እልፍነሽ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«ጠዋት ደርሰሽ አልነበር እንዴ?»

«የጠዋቱን ለራሴ አለቀስኩት። የሟቹን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።»

ተረቴን መልሱ፤ ለለቅሶም ድረሱ።