ማስታጠቢያ የያዙት አስታማሚ

አንዲት ምላሳቸው የማያርፍ ባልቴት፣ በቀዶ ጥገና የወለደች ልጃቸውን ትርንጎን ሊያስታምሙ ሆስፒታል ገቡ። የክፍሉ አለቃ ዶክተር መንበሩ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ብቅ ሲሉ በሽተኛው ሁሉ ማቃሰቱን ያቆምላቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሩ ከትርንጎ አጠገብ የተኛችውን ሴት መግል የያዘ ቁስል ፋሻ ነካክተው ሲያበቁ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ትርንጎ ዞሩ። እኛ ነርሶቹ አይተናል፤ ግን ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። ሁላችንም አቀርቅረን ወለሉን ማየት ጀመርን።

ባልቴቷ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው በዶክተሩና በአልጋው መሃል ቆሙ። ማዕድ ሊቀርብለት የተቀመጠ እንግዳ እንደሚያስታጥቡ ሁሉ ጎንበስ ብለው፣

«ይታጠቡ፣ ዶክተር» አሉ።

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ዶክተሩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምሳ ልበላ የመጣሁ መሰለሽ እንዴ፣ ሴትዮ? በይ አጥጋቢ መልስ ስጪኝ፤ አለበለዚያ ዘበኛ ጠርቼ ነው የማስወጣሽ! ልጅሽንም ከእንግዲህ አታስታምሚም!»

ባልቴቷ ማንቆርቆሪያውን ዝቅ አላደረጉም።

«ኧረ ጌታዬ፣ ምሳ ሊበሉ ቢመጡማ ምን አስጨነቀኝ! ሳይታጠቡ ቢበሉ ቁርጠቱ ለራስዎ ነበር። እዚህ ግን የማይታጠቡት እርስዎ፣ የምትታመመው የኔ ልጅ!»

ዶክተር መንበሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሳሙናም አለኝ» አሉ ባልቴቷ።