የዘገየችው ብልቃጥ

በአንድ ወቅት ጡቷን ነቀርሳ የያዛት አንዲት እናት ነበረች። ሦስት ልጆቿም የመዳኛዋን ሲሶ ሲሶ ይዘው ነበር።

በኩሩ ዋሴ ነቀርሳ የሚያጠፋውን ቅጠል ያውቃል። መድኃኒት አዋቂው አባቱ ሊሞት ሲል፣ «ከአንተ ሌላ ሰው ካወቀው ይረክሳል» ብሎ አስምሎታል። ዋሴ ክረምቱን ሙሉ አፉን ዘጋ፤ ነቀርሳው ግን አልጠበቀውም። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙን ጫካ ይዞት ገባና በጣቱ አሳየው።

ሁለተኛዋ ጥሩአየሁ ወርቅ ነበራት፤ ሟች ባሏ ያጠለቀላት ቀለበት። ለመድኃኒቱ ስትጠየቅ «ሌላ ወርቅ ፈልጉ» አለች፣ ሌላ እንደሌለ እያወቀች። ኋላ በሳሙና አሙለጭልጫ አወጣችው። ባዶውን ጣቷን ዛሬም ታሸዋለች።

ትንሹ ናሁሠናይ ኬሚስት ነው። ቅጠሉ ብቻውን ሲጠጣ ደጉንም ክፉውንም ሥጋ ይፈጃል። እርሱ ግን ቀለበቱን አሟሙቶ ዓይን የማያየው ብናኝ አደረገው፤ ወርቁ እየመራ ነቀርሳው ድረስ እንዲያደርሰውም ከቅጠሉ ጭማቂ ጋር አዋሐደው። «በአይጥ ሳልሞክር ለእናቴ አልሰጥም» ብሎ እርሱም ቆየ። አይጦቹ ዳኑ። መድኃኒቱን በብልቃጥ ይዞ ሲመጣ እናቱን ተገንዛ አገኛት።

ሦስቱም የዘገዩት በምክንያት ነው። ምክንያት ግን ሬሳ አያስነሳም።

ከተዝካሩ በኋላ ጎረቤታቸው አንጓች መጣች፤ እናታቸውን ስታጥብና ስታገላብጥ የከረመችው። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ነቀርሳ የያዘውን የራሷን ጡት አሳየቻቸው።

ጥሩአየሁ ብልቃጧን አነሳች። «ለእትዬ አንጓች ትሰጥ።»

«አይሆንም!» አለ ዋሴ። «ለባዕድ የሚሰጥ ከሆነ እናቴን ስለ ምን ዝም አልኳት? መቃብሯ ላይ ትፍሰስ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ጥሩአየሁ።

«አንቺስ? ቀለበትሽን መቼ አወለቅሽ?»

ናሁሠናይ መሬት መሬት እያየ፣ «ጫካው ተመንጥሯል» አለ። «ሌላ ቦታ ፈልጌ ቅጠሉን አጣሁት። የቀረው እዚህች ውስጥ ያለው ነው፤ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ጥናት አያልፍም። ከፍቼ ባጠናት፣ ምናልባት ለሺዎች የሚሆን እሠራለሁ።»

«ምናልባት?»

«ምናልባት፣ እቴቴ። እትዬ አንጓችንም ብታድናት ምናልባት ነው። እርሷ አይጥ አይደለችም።»

ጥሩአየሁ ባዶ ጣቷን አሸች። አንጓችን ማዳን መፈለጓ ይሁን የራሷን ጸጸት ማጠብ፣ ለራሷም አልለይ አላት።

አንጓች ነጠላዋን መለሰች።

«ልጆቼ» አለች፣ «ልቀመጥ ወይስ ልሂድ?»

የሰማችሁ ፍረዱ፦ ከሟቿ መቃብር፣ ደጃፍ ከቆመችው አንጓችና ገና ካልታወቁት ሺዎች፣ ብልቃጧ የምትገባው ለማን ነው?