ያልተወቀረው ወፍጮ

ተረት ልንገራችሁ፤ "ንገሪን" በሉኝ፤ ዝም ካላችሁ አልጀምርም።

ድሮ፣ ድንጋይ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ይመናሹ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ፈንቴ ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ "አደራሽን፣ በአርባዬ ቀን ለጎረቤቱ ጠላ አቅምሺልኝ። የስንቱን ቤት ጠጥቼ ሳላጠጣ እንዳልቀር" አላት። እሷም "እሺ" አለች። ዓመቱ ክፉ ነበርና በቤቷ የቀረው አንዲት ቁና የገብስ ብቅል ብቻ ነበር። ለአንዲት ትንሽ ጋን ትበቃለች፤ ከባከነች ግን ሌላ የለም።

አርባው ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመናሹ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ብቅል ፈጨች። ብቅሉ ሳይሰበር ተንሸራቶ ወረደ። የወፍጮው ፊት ለስልሶ ደንዝዟል። በየዓመቱ ፊቱን በድንጋይ እየመታ የሚወቅረው ፈንቴ ነበር። የሚወቅርበት ድንጋይ እሱ ያስቀመጠበት መደብ ላይ እንዳለ ነው፤ ይመናሹ ግን እንኳን ልትነካው ልታየውም አልቻለችም።

አይጥ ከግድግዳው ስንጥቅ ብቅ አለች። "እመቤቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ብቅሉን ውሃ አስነኪው፣ ይለሰልስልሻል።"

በማግስቱ ይመናሹ አንድ እፍኝ አርጥባ ፈጨች። ወፍጮው ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ። አይጥ የተለጠፈውን ልሳ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን አይጥ ተመልሳ መጣች። "እንግዲያው ሳትፈጪው እንዳለ ጋኑ ውስጥ ጨምሪው። ለቀስተኛ ይጠጣል እንጂ ጋን ውስጥ አያይም።"

ይመናሹ ቁናውን አንስታ ወደ ጋኑ ሄደች። ጋኑ ግን በወፍራም ድምፁ፣ "እኔ የሰጡኝን እንጂ ያልሰጡኝን አላወጣም። ያልተፈጨ ብቅል ከሰጠሽኝ ለፈንቴ አርባ የምትቀጂው ውሃ ነው" አላት። ይመናሹ ቁናዋን ታቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ወፍጮው ተናገረ። "ይመናሹ፣ ውቀሪኝ።"

"አያ ወፍጮ፣ አምና ፈንቴ ያለውን ረሳኸው? 'ሳስቷል፤ ዳግም ከተወቀረ አይከርምም' ብሎ ነበር።"

"አልረሳሁም።"

የወፍጮው ልጅ፣ ከላዩ እየተመላለሰ እህል የሚያደቀው መጅ፣ ደነገጠ። "አባባ፣ ተው! ደንዝዘህም ቢሆን ብትኖርልኝ ይሻላል።"

"ልጄ፣ እህል የማያደቅ ወፍጮ ዶሮ የሚሰፍርበት ድንጋይ ነው" አለው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይመናሹ፣ አንቺም እንደ እኔ ደንዝዘሻል። ፈንቴ ከሞተ ወዲህ እንባሽን አላየሁም። ያንን ድንጋይ አንሺው" አላት።

ይመናሹ አነሳችው። ፈንቴ የሚጨብጥበት ቦታ ወዝ ይዞ ነበር፤ እጇ እዚያው ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ መታች፣ የድንጋይ ብናኝ ተነሳ። ሁለተኛ መታች፣ ወፍጮው አቃሰተ። ሦስተኛ ስትመታ ያቃሰተችው ራሷ ነበረች። እየወቀረች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ወቀረች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማት።

አዲስ የተወቀረ ወፍጮ አሸዋ ያወጣልና የመጀመሪያው እፍኝ የዶሮ ነው። አይጥ፣ "ከዚች ቁና ላይ ደግሞ ለዶሮ? ደባልቂው እንጂ!" ብላ ጮኸች። ይመናሹ ግን "የፈንቴ ቤት አሸዋ አያጠጣም" ብላ እፍኙን ለዶሮዋ በተነችው። የቀረውን ፈጨች። ዱቄቱ ወረደ፣ ወረደ። የመጨረሻዋ እፍኝ ስታልቅ ወፍጮው ከመሃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዳግመኛም አልተናገረም።

ዱቄቱ ከጌሾው ጋር ተጠነሰሰ፣ በአርባው ቀንም ጠላው ተቀዳ። ለአንድ ሰው ከአንድ ዋንጫ በላይ አልደረሰም። የመንደሩ ሽማግሌ ቀምሰው፣ "ነፍስ ይማር! ይህ የፈንቴ ቤት ጠላ ነው" አሉ። ይመናሹ ከተሰነጠቀው ወፍጮ አንዱን ግማሽ በፈንቴ መቃብር ራስጌ ተከለች፤ ሌላውን ከጋኑ ሥር አኖረች። መጁንም አልጣለችውም፤ አዲስ ወፍጮ እስኪመጣለት ብላ ከመውቀሪያው ድንጋይ ጎን አስቀመጠችው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ተቀብላችሁ ለልጆቻችሁ አድርሱልኝ፦ ያልቆሰለ ድንጋይ ዱቄት አይሰጥም።