እግሩን ያልፈታው የፊታውራሪ ልጅ

ፊታውራሪ መሸሻ ከእልፍኛቸው እስከ አጥራቸው በር እንኳ ያለ በቅሎ የማይሄዱ ባላባት ነበሩ። በቅሎዋ ላይ አሽከሮች ብብታቸውን ይዘው ያወጧቸዋል፤ ማዕድ ሲቀርብም አሳላፊው ያጎርሳቸዋል። አንድ ልጃቸው ሦስት ዓመት ሞልቶት ቆሞ አልሄድ፣ በእጁ አልበላ አለ።

ጭንቅ ቢላቸው ብዙ ልጅ ያሳደገች አንዲት ምላሰኛ ባልቴት አስጠሩ። “ልጄን እዪና ፍረጂ” አሏት። “ዘገምተኛ ነው ብትዪ ዘሬን ሰድበሻልና ትገረፊያለሽ፤ ደህና ነው ብትዪም ዋሽተሻልና ትገረፊያለሽ።”

ባልቴቷ አባትና ልጁን ስታይ ዋለች። ልጁ የፈለገውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ከዘገየበት ይጮኻል፤ ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ይሯሯጣል።

“እህሳ?” አሏት ፊታውራሪ።

እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦ “ጌታዬ፣ ልጅ የሚማረው ያየውን ነው። የእኔዎቹ በዚህ ዕድሜያቸው አፈር እየቧጠጡ ይሮጡ ነበር፤ አባታቸው ገበሬ ነዋ። የእርስዎ ልጅ ግን ሰው ይሸከመዋል፣ ሰው ያጎርሰዋል፣ በጣቱ ያዛል፣ ሲቆጣ ቤቱ ይሸበራል። ታዲያ ምኑ ዘገየ? በሦስት ዓመቱ ፊታውራሪነቱን ጨርሷል፤ የቀረው ጢም ማብቀል ብቻ ነው።”