አከራዩ ጅብና ሞቃቱ ወለል

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚያነጋበት ተራራ ላይ፣ አያ ጅቦ አከራይ ሆነ። ዋሻዎቹን እሱ አልሠራቸውም። ቀድሞ ደርሶ በራፋቸው ላይ ስለተኛ ብቻ «የእኔ ናቸው» አለ፤ ጥርሱን ያየም ሁሉ አመነው። ከተከራዮቹ አንዷ እመት አህያ ነበረች። ለኪራዩ ጅቡ ያገኘውን ሥጋ ከሸለቆ እየተሸከመች ታመጣለታለች። ጀርባዋ ላይ የሚጫነው የማን ሥጋ እንደሆነ አለመጠየቅም የውሉ አካል ነበር።

ጅቡ ሕግ ያበዛል። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም፣ እንግዳ አያድርም፣ ደጅ ላይ ውሃ አይደፋም። ብርድን የሚከለክል ሕግ ግን አላወጣም። ብርዱ እንደ ልቡ ይገባል፣ እንደ ልቡ ያድራል፣ ኪራይም አይከፍልም።

እመት አህያ እርጉዝ ነበረች። ያለፈው ዓመት ውርንጭላዋ በዚያው ዋሻ ውስጥ በብርድ ሞቶባታል፤ ሐዘኑ ገና ከሆዷ አልወጣም። ይሄኛውንም እንዳታጣው ፈርታ፣ በቁፋሮ ስሙ ወደተጠራው ወደ ጃርት ሄደች። ጃርትም ላይ ላዩ ውርጭ ቢሆንም ምድር ጠልቃ ስትቆፈር ለብ ያለች እንደሆነች ነገራት። የቀርከሃ ቧንቧ እታች ድረስ ተቀብሮ ውሃ ቢዞርበት፣ ውሃው የምድርን ሙቀት ይዞ ይወጣና ወለሉን ያሞቃል አላት።

ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መቆፈር አይቻልምና ጅቡን ለመነችው። ጅቡ ዓይኑን ወደ ደላላው ወደ ቀበሮ መለሰ። ቀበሮ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከለት።

«ቆፍሪ» አለ ጅቡ። «ግን የቀበርሽውም የተከልሽውም ሁሉ የቤቱ ነው። ስትወጪ አንድ ቧንቧ አትነቅይም።»

እሺ አለች፤ ምን ምርጫ አላት?

ጃርት አንድ ወር ሙሉ ቆፈረ። እሷ ሆዷን ይዛ ቀርከሃ ከሸለቆ አመላለሰች። በመጨረሻም ውሃውን የሚገፋ መንኮራኩር ደጅ ላይ ተከሉ፤ እሷም ጠዋትና ማታ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ትዞርበት ጀመር። ወለሉ ሞቀ። ጎረቤት ሁሉ እግሩን ሊያሞቅ ሰበብ እየፈለገ ብቅ ይል ጀመር።

ጅቡም ቤቱን ሊያይ መጣ። ሆዱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ተኛ፤ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም። በማግስቱ ቀበሮን አስከትሎ ተመለሰ።

«እመት አህያ፣ የአክስቴ ልጅ ከሐረር ሊመጣ ነው» አላት። «ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

ይህን ቃል ያልሰማ ተከራይ የለም። ያ የአክስት ልጅ ቤት በታደሰ ቁጥር ይመጣል፤ ሲገባ ያየው ግን አንድም ሰው የለም። እመት አህያ ለመውለድ ዐሥር ቀን እንደቀራት ነግራ፣ ወልጄ ልውጣ ብላ ለመነች። ጅቡ ውሉን አነሣባት።

«ውሉን አልረሳሁትም» አለች። «ቧንቧውም መንኮራኩሩም ይቅርልዎ። እኔ እግሮቼን ብቻ ይዤ እወጣለሁ።»

ጅቡ ጥቂት አሰበና እግሮቿ የቤቱ አለመሆናቸውን አመነ። በቸርነቱም ኮራ።

እሷ ወጥታ ጅቡ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ወለሉ ሞቃት ነበር። በሁለተኛው ለብ አለ። በሦስተኛው እንደ ድሮው ሆነ። ጅቡ ተርበትብቶ ቀበሮን አስጠራና ሴትዮዋ ሙቀቱን ሰርቃ ሄዳለች ሲል ከሰሰ። ቀበሮም ነገሩ አልገባውም፤ ግን አላውቅም የሚል ደላላ ከወዴት ይመጣል?

«ሙቀቱ የተቀበረ ነገር ነው» አለ። «የተቀበረ ነገር ደግሞ ተቆፍሮ ይወጣል።»

ይህስ ለጅብ የሚገባ ነገር ነው። አጥንት ሲቆፍር ያደገ ነውና ወለሉን በጥፍሩ ገለባበጠው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይሄኛው ቧንቧ ነከሰ። ውሃው ፈንድቶ ዋሻውን ሞላው፤ ውርጩም መጥቶ ውሃውን በረዶ አደረገው። ቀበሮ የምክሩን ዋጋ አንድ ቅልጥም ይዞ ሌላ አከራይ ፍለጋ ሄደ።

እመት አህያ ግን ሜዳ ላይ አልቀረችም። ጃርት የገዛ ጎሬውን ግማሽ ሰጣት። ጎሬው ቀድሞም ጥልቅ ነበርና፣ በተረፈው ቀርከሃ በጥቂት ቀን አዲስ ቧንቧ ቀበሩ፣ አዲስ መንኮራኩር ተከሉ። በዐሥረኛው ቀን ሞቃት ወለል ላይ ወለደች። ውርንጭላው ሲወድቅ ሲነሣ ቆይቶ በአራት እግሩ ቆመ፤ እናቱም አለቀሰች።

በሳምንቱ ጅቡ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ መጣ። ጃርት እሾሁን አቁሞ በራፉ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ራቅ ብሎ ቆመ። ድምፁም አንቱታን ተምሯል።

«እመት አህያ፣ አንዲት ጥግ ያከራዩኝ» አለ። «ሚስማርም አልመታም፣ እንግዳም አላመጣም።»

እመት አህያ መንኮራኩሯን እያዞረች ነበርና አልቆመችም።

«ጥግስ ነበረ» አለች። «ምን ያደርጋል፣ የአክስቴ ልጅ ከሐረር ሊመጣ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቤቱን ያሞቀውን ተከራይ አስወጥቶ ሙቀቱን ለብቻው ሊያስቀር የሚሻ አከራይ፣ ያባረረው ሙቀቱን ራሱን እንደሆነ የሚገባው በረዶ ላይ ከተኛ በኋላ መሆኑን ነው።