ቤዝ የማይደርስበት መደብ

አንድ ጊዜ፣ ብምልላችሁም አታምኑኝም፣ ውሸት ከሆነ ግን ምላሴ ይቆረጥ፣ አያ ጅቦ ልጁን ሊድር ተነሣ። ፀሐይ እየወጣ ዝናብ ሲጥል «ጅብ ወለደች» ትሉ የለም? ሙሽራዋ ያኔ የተወለደችው ናት። አያ አንበሶ ራሱ በሰርጉ እገኛለሁ ብሎ ቃል ስለሰጠ፣ የጅብ ዘር ከእንግዲህ «ሆዳም» ተብሎ ላይሰደብ ነው። ሚስቱ እመት ጅቢትም የሰርጉን በሬ አሳርዳ፣ ሥጋውን ጓዳ ሰቅላ፣ ባሏ እንዳይደርስበት ደጃፉ ላይ ትተኛ ነበር።

በዚህ መሐል አቶ ቀበሮ ትልቅ ሳጥን በአህያ አስጭኖ መጣ። ከሳጥኑ የሚወጣው «ዱም ዱም» ብቻ ነው፤ የከተማ ልጆች «ቤዝ» የሚሉት። መብራቱን ከየት አመጡት እንዳትሉኝ፤ ተረት ውስጥ መብራት አይጠፋም።

«ጌታዬ፣ ሰርግ ያለ ቤዝ ለቅሶ ነው» አለ ቀበሮ። «ዋጋው አንድ የበሬ ጭን ብቻ!»

አያ ጅቦ በዋሻው መካከል ካለው መደቡ ላይ ጉብ ብሎ «ክፈተው!» አለ።

ሳጥኑ አጓራ። የሌሊት ወፎች ከጣሪያው እንደ በሰለ ሾላ ረገፉ። ከሦስት ተራራ ወዲያ ያለች ዶሮ የተመታ እንቁላል ጣለች። አያ ጅቦ ግን ከንፈሩን አጣመመ።

«ምንድነው ይሄ? ትንኝ ነው እንዴ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ድምፅ እንደ ጎርፍ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲመላለስ፣ አንዱ ሌላውን አጥፍቶ ጸጥ የሚልበት ቦታ አይጠፋም፤ የአያ ጅቦ መደብ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው። ቀበሮ በር ላይ ቆሞ ጢሙ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ገባው። ምራቁን ዋጠ።

«የእርስዎ ጆሮማ የጌታ ጆሮ ነው! አንድ አይበቃዎትም።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ» አለች እመት ጅቢት ሆዷን ይዛ፣ «እኔን እኮ አንጀቴን አማሰለው!»

«ዝም በይ! እኔ ያልሰማሁትን አንቺ ከየት ሰማሽው?»

«እስቲ ተነሥና እዚህ በሩ ጋ ቁም።»

«የቤት ጌታ ከመደቡ ሲነሣ የት አይተሻል? ጓዳውን ክፈቺ ብያለሁ!»

ጭኑ ሄደ። ሁለተኛው ሳጥን ሲመጣ ሁለተኛው ጭን ተከተለ። ሦስተኛው ጎድኑን፣ አራተኛው ሽንጡን ይዞ ሄደ። ቀበሮም ሳጥኖቹን በየማዕዘኑ ራሱ እያስተካከለ ያስቀምጣል፤ ያቺ ጸጥታ እንዳትነካበት። ሳጥን ስታመጣ፣ ሥጋ ስትወስድ፣ የአህያዋ ጀርባ ተላጠ። ጓዳ ውስጥ የቀረው ቀንድና ሰኮና ብቻ ነው። አያ ጅቦ ግን ከመደቡ ንቅንቅ ሳይል፣ «አሁንስ ትንሽ ትንሽ የሰማሁ መሰለኝ» ይላል።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ቀበሮ አራቱንም ሳጥኖች ከፈተ። የሚዜዎቹ ጥርስ ተንገጫገጨ፤ የሙሽራው ሱሪ ወለቀ። «ምሳው የታለ?» የሚል እንግዳ ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም። አያ አንበሶ በበሩ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው።

ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለት ወግ ነውና አያ ጅቦ ተነሣ። «ኖር!» ብሎ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ቢል፣ ያ ሁሉ ቤዝ እንደ ኮርማ ወግቶ በአፍ ጢሙ ደፋው። በእንግዳው ሁሉ ፊት ያመለጠውን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እኔም አፍሬያለሁ።

አያ አንበሶ «በእግዜር» ብሎ በተለቀቀለት መደብ ላይ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን ቃኘና ከቤዙ በላይ አገሳ፦

«አያ ጅቦ፣ ሙዚቃ አለ አላላችሁኝም? እዚህ እኮ ምንም አይሰማም!»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ውልቅ ብሎ ሄደ። አንዱ ሚዜ ሳጥኖቹን ዘጋ። የእንግዳው ዓይን ሁሉ ከመደቡ ወደ አያ ጅቦ፣ ከአያ ጅቦ ወደ መደቡ ተመላለሰ።

«ይሁን» አለ አያ አንበሶ፣ «ምሳው ይቅረብ።»

እመት ጅቢት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ቀንድና ሰኮና በትሪ አቀረበች። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ሙሽራዋ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ በቀስታ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሰርጌን በላኸው።»

አያ ጅቦ ወገቡን ሰብሮ፣ ጭራውን ቆልፎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ጅብ እስከ ዛሬ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ የሚሄደው፣ ቀን ቀን የማይታየው ለምን መሰላችሁ? ያቺን የልጁን ዓይን ፈርቶ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምን ይሆን ብዬ ጢሜን ሳሽ፣ ያቺ ጀርባዋ የተላጠ አህያ ከደጅ ሆና «ምን ያሳስባል፣ ሌላ ከመጨመርህ በፊት ከመደብህ ተነሥተህ ስማ ነዋ!» ብላ አናፋችብኝ።